የተዳፈነው እሳት፦ ኤችአይቪ ከአርባ ዓመት በኋላ የት ደርሷል?

በዓለም ላይ ከ31 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ኤችአይቪን ለመግታት በየቀኑ ክኒን ይውጣሉ። አብዛኞቹ በቀን የሚወስዱት አንዲት ክኒን ብቻ ናት፤ በውስጧ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር የሚባሉ ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ተቀምመዋል። በአንድ ጉንጭ ውኃ ትወርዳለች፣ አለቀ። ከዚያ አንዱ ወደ ሥራው፣ ሌላዋ ወደ ትምህርቷ፣ ሌላው ወደ እርሻው ይሄዳል። አይቶ የሚለያቸው የለም። ያገባሉ፣ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ይህን የሚያስብ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ከመለመዱ የተነሣ ስለ ኤችአይቪ ማንሣት ያረጀ ወሬ እንደ መቀስቀስ ይቆጠራል። «ኤድስ እኮ ድሮ ቀረ» የሚል ሰው በቀላሉ ይገኛል፤ በተለይ የ1990ዎቹን እልቂት ባላየው ትውልድ ዘንድ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ አነጋገር ነው። ኤችአይቪ አልቀረም። ተዳፍኗል። እሳት ሲዳፈን ከላይ የሚታየው አመዱ ብቻ ነው፤ ፍሙ ግን ከሥር አለ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫይረሱ የሚደበቅበት

መዳፈን ያልኩት ለንግግር ማሣመሪያ አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ የሚሆነው ነገር በእርግጥም ይህንኑ ይመስላል። ኤችአይቪ በዋናነት የሚያጠቃው ሲዲ ፎር የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ነው። የእነዚህ ሴሎች ዋና ሥራ ሌሎቹን የሰውነት ተከላካዮች ማንቃትና ማዘዝ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደሙ ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 የሚደርሱ ሲዲ ፎር ሴሎች አሉት። ሕክምና ካልተጀመረ ቁጥሩ ዓመት በዓመት ይወርዳል። ከ200 በታች ሲሆን ሰውነት በሌላ ጊዜ ያለ ችግር የሚመክታቸው ጀርሞች ገዳይ ይሆናሉ። ኤድስ የሚባለው ይህ ደረጃ ነው። አንድ ሰው በኤድስ ሞተ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የገደለው ሳንባ ነቀርሳ፣ ወይም የአንጎልን ሽፋን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ፣ ወይም የሳንባ ምች ነው። ቫይረሱ በሩን ከፍቶ ሌላውን ያስገባል።

ጉንፋን የሚያመጣ ቫይረስ ሴሉን ተጠቅሞ ይሄዳል። ኤችአይቪ ግን የራሱን ዘረመል ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ በሰውየው ዲኤንኤ መካከል ይሰፋዋል። ከዚያ ወዲያ ሴሉ በተባዛ ቁጥር እሱም አብሮ ይባዛል። ከተጠቁት ሴሎች ጥቂቶቹ ደግሞ ምንም ሳያመርቱ፣ ተኝተው፣ ለዓመታት ይቆያሉ። መድኃኒቱ የሚያግደው የቫይረሱን መባዛት ስለሆነ የተኛውን አያገኘውም። ሃያ ዓመት መድኃኒት የወሰደ፣ በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው እንኳን መድኃኒቱን ቢያቆም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ የሚመለሰው ለዚህ ነው። አንድ ሰሞን እየወሰዱ አንድ ሰሞን መተው ደግሞ ከዚህም የከፋ መዘዝ አለው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመዳል፣ የተላመደውም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

ከቫይረሱ ጨርሰው የተላቀቁ ሰዎች አሉ፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የመጀመሪያው «የበርሊኑ ታካሚ» በመባል የታወቀው ቲሞቲ ሬይ ብራውን ነው። የደም ካንሰር ስለነበረበት የሌላ ሰው መቅኔ ተሰጠው፤ ለጋሹ ኤችአይቪ ወደ ሴል የሚገባበት በር በተፈጥሮው የሌለው ሰው ነበር። ይህ ሕክምና ራሱ ሊገድል የሚችል ከባድ ሕክምና በመሆኑ ለሚሊዮኖች የሚዳረስ አይደለም። ክትባትም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቫይረሱ መልኩን ይለዋውጣል፤ ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ሙከራዎችም በ2020 እና በ2023 ውጤት አልባ ሆነው ቆመዋል። ስለዚህ ለጊዜው በእጃችን ያለው መዳፈን ነው፤ መዳፈን ደግሞ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከወንዝ ዳር ወደ ዓለም

ጁን 5 ቀን 1981 የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥር ማዕከል በሳምንታዊ ሕትመቱ ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለታመሙ አምስት ወጣት ወንዶች አጭር ዘገባ አወጣ። አምስቱም ጤነኛ ሰው የማይዘው ዓይነት የሳንባ ምች ይዟቸው ነበር። የወረርሽኙ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ዘገባ ነው። ቫይረሱ ግን በዚያን ጊዜ ሰው ውስጥ ከገባ ሰባ ዓመት ያህል ሆኖታል።

የዘረመል ጥናቶች ምንጩን ደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ያደርሱታል። እዚያ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች ተመሳሳይ ቫይረስ አላቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ፣ ምናልባት የታደነ እንስሳ ሲበለት በቁስል በኩል፣ ወደ ሰው ተሻገረ። ከዚያ ወንዙን ተከትሎ በቅኝ ግዛት ዘመን ሊዮፖልድቪል ትባል ወደነበረችው ኪንሻሳ ደረሰ። ከተማዋ በጊዜው የወንዝና የባቡር መገናኛ ነበረች። ሥራ ፍለጋ የመጡ፣ ከቤተሰባቸው የተለዩ ወንዶች የበዙባት ከተማ ነበረች፤ የሕክምና ዘመቻዎችም አንዱን መርፌ ለብዙ ሰው ይጠቀሙ ነበር። ቫይረሱ መንገድ አገኘ። በ1959 እዚያው ከተማ ተወስዶ የተቀመጠ የደም ናሙና ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመረመር ኤችአይቪ ተገኝቶበታል፤ እስካሁን ከታወቁት ናሙናዎች ሁሉ ጥንታዊው ይህ ነው። በ1960ዎቹ ወደ ሄይቲ፣ ከሄይቲ ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም። ሰዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ብዬ የማስበው ነገር ስላለ ነው፤ ባለማወቃቸው ጥፋተኛ ፈልገዋል። በሽታው መጀመሪያ የታየው በግብረ ሰዶማውያን ላይ ስለነበር «የእነሱ በሽታ» ተባለ። ቀጥሎ በሄይቲያውያን፣ በአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎች፣ ደማቸው ስለማይረጋ ደም በሚወስዱ የሄሞፊሊያ ታማሚዎች ላይ ተለጠፈ። አንድ የካናዳ የአውሮፕላን አስተናጋጅ በሽታውን ወደ አሜሪካ ያስገባ «ታማሚ ዜሮ» ተብሎ ስሙ ለአሥርት ዓመታት ጠፋ፤ በ2016 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን እሱ የመጀመሪያው እንዳልነበረ፣ ቫይረሱ ከእሱ በፊት ኒው ዮርክ ገብቶ እንደነበር አረጋገጠ። በዚያው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዑጋንዳ ራካይ ወረዳ ነዋሪዎች ሰውን አክስቶ የሚገድል በሽታ አይተው «ስሊም» (ቀጭን) ብለው ሰይመውት ነበር። እዚያ የሚታመሙት ባልና ሚስት ነበሩ። በሽታው የአንድ ወገን አለመሆኑ ገና ከጅምሩ ይታይ ነበር ማለት ነው።

በ1983 ፓሪስ በሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት እነ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲ እና ሉክ ሞንታኜ ቫይረሱን ለዩት፤ በ2008 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚህ ነው። በ1985 የደም ምርመራ መጣ። በ1987 የመጀመሪያው መድኃኒት ኤዜቲ ተፈቀደ፣ ግን ብቻውን ስለነበር ቫይረሱ ቶሎ ተላመደው።

መድኃኒቱ የመጣበትና ያልደረሰበት ዘመን

ከዚያ 1996 መጣ። ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ መስጠት ቫይረሱን እንደሚገታ ተረጋገጠ። አሜሪካ ውስጥ በኤድስ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር በአንድ ዓመት ብቻ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። አልጋ ላይ ሆነው ኑዛዜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ተነሥተው ወደ ሥራ ተመለሱ።

በዚያው 1996፣ ዛሬ በተደረጉ ስሌቶች መሠረት፣ በዓለም ላይ በአንድ ዓመት በቫይረሱ የተያዙ አዳዲስ ሰዎች ቁጥር ከፍተኛው ላይ ደርሶ ነበር፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ። አብዛኞቹ የነበሩት መድኃኒቱ ባልደረሰበት ዓለም ነው። ሕክምናው ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበርና። በዓለም ደረጃ የሞት ቁጥር ጣሪያ የነካው በ2004 ነው፤ ወደ 2.1 ሚሊዮን ሰው በአንድ ዓመት። ሁለቱን ዓመቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ተመልከቷቸው። 1996 እና 2004። መድኃኒቱ ከተገኘ ከስምንት ዓመት በኋላ ሞት ገና እየጨመረ ነበር። በዚያ ክፍተት የሞቱትን ሰዎች የገደለው ቫይረሱ ብቻ ነው ማለት አልችልም።

ከዚያ ዘመን አንድ ትዕይንት አይረሳኝም። ጁላይ 2000፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን። ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ሊከፈት ነው። በሺዎች በሚቆጠሩ ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣናት ፊት አንድ ልጅ ወደ መድረኩ ወጣ። ንኮሲ ጆንሰን ይባላል፤ 11 ዓመቱ ነው፣ ከዕድሜው ግን በጣም ያነሰ ይመስላል። የለበሰው ሙሉ ልብስ ሰፍቶታል፣ ማይክሮፎኑን በትንሽ እጁ ይዞታል። ሲወለድ ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ አለ። እናቱ በዚሁ በሽታ ሞታለች። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት አልቀበልህም ብሎት ነበር። የጠየቀው ነገር ከባድ አልነበረም፤ መንግሥት ነፍሰ ጡር እናቶች ኤዜቲ እንዲያገኙ ያድርግ፣ ሕፃናት እንዳይያዙ። ሰዎችም እኛን ነክተው፣ አቅፈው ኤድስ እንደማይዛቸው ይወቁ። በቀጣዩ ዓመት ጁን 1 ቀን አረፈ። 12 ዓመቱ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኤችአይቪ ኤድስን ያመጣል የሚለውን በአደባባይ ይጠራጠሩ ነበር፤ የጤና ሚኒስትራቸው ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ይመክሩ ነበር። በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፣ መድኃኒቱ በወቅቱ ባለመሰጠቱ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ከ330,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሁኔታውን የቀየሩት ሕሙማኑ ራሳቸው ናቸው። ሰልፍ ወጡ፣ መንግሥትን ከሰሱ፣ በ2002 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መድኃኒቱ ለእናቶች እንዲሰጥ ወሰነላቸው። ኔልሰን ማንዴላ ደግሞ በጃንዋሪ 2005 ልጃቸው ማክጋቶ ሲሞት ጋዜጠኞችን ጠርተው ልጄን የገደለው ኤድስ ነው አሉ። ብዙ ቤተሰብ «ሳንባ ነው»፣ «ድንገተኛ ሕመም ነው» እያለ በሚቀብርበት ዘመን፣ የእሳቸው አነጋገር ስንት ቤት አፍ እንዳስከፈተ መገመት ይቻላል።

የዋጋው ነገርም በትግል ነው የተፈታው። 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች ደቡብ አፍሪካ ርካሽ መድኃኒት እንድታስገባ የሚፈቅደውን ሕግ በመቃወም ከስሰው ነበር፤ የዓለም ሕዝብ ቁጣ ሲነሣባቸው በኤፕሪል 2001 ክሱን አነሡ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ሦስቱን መድኃኒቶች በዓመት 350 ዶላር እሸጣለሁ አለ። በቀን ከአንድ ዶላር በታች ማለት ነው። ዛሬ የአንድ ሰው የአንድ ዓመት መድኃኒት ከ50 ዶላር በታች ይገኛል። የተለወጠው ፓተንቱን፣ ማለትም መድኃኒቱን ብቻውን የማምረት መብቱን፣ የያዘው ማን ነው፣ ማንስ እንዲያመርት ይፈቀድለታል የሚለው ነው።

በ2002 ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት ገንዘብ የሚያሰባስበው ግሎባል ፈንድ ተቋቋመ። በ2003 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፔፕፋር የተባለውን የአሜሪካ የኤድስ ዕርዳታ ፕሮግራም አስታወቁ። በዚያ ንግግራቸው አፍሪካ ውስጥ ወደ 30 ሚሊዮን ሰው ቫይረሱ እንዳለበት፣ መድኃኒት የሚያገኘው ግን 50,000 ሰው ብቻ እንደሆነ ተናግረው ነበር። ከሃምሳ ሺህ ተነሥቶ ዛሬ በዓለም ደረጃ 31 ሚሊዮን መድረስ፣ በእኔ አስተያየት የዘመናችን ሰዎች ካከናወኑት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ይህን ስል ምንም አላጋነንኩም።

የቀረው ባዶ ወንበር

ኤድስ ከሌሎች በሽታዎች የሚለየው በሚገድለው ሰው ዕድሜም ነው። ወባና ተቅማጥ በሕፃናት፣ የልብ በሽታ በአረጋውያን ላይ ይበዛል። ኤድስ የወሰደው ከሃያ እስከ አርባ አምስት ዓመት ያሉትን ነው፤ የሚያርሰውን፣ የሚያስተምረውን፣ የምታዋልደውን፣ ልጅ የሚያሳድጉትን። ቤቱ ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ ቀሩ፤ መሐሉ ባዶ ሆነ። አራት ልጆቿን በተራ አስታማ የቀበረች አያት፣ ጉልበቷ በደከመበት ዕድሜ እንደገና ሕፃን ታዝላለች። ትልቋ ልጅ ታማሚ ለማስታመም ትምህርቷን ትታ ቤት ትቀመጣለች። እንዲህ ያለው ቤት በሚሊዮን ተባዝቶ ነው የአገር ቁጥር የሆነው። እንደ ሌሶቶና ኤስዋቲኒ ባሉ አገሮች ሰው ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ወረደ። የቦትስዋናው ፕሬዚዳንት ፌስቱስ ሞጋዬ በ2000 ሕዝባቸው የመጥፋት አደጋ እንደተጋረጠበት ለዓለም ተናገሩ። ቦትስዋና ግን በ2002 መድኃኒቱን በነፃ መስጠት ጀመረች፤ ከወረርሽኙ ክፉኛ ከተጎዱ አገሮች ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን በማቆም ረገድ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትን ዕውቅና ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

ወረርሽኙ ከጀመረ ወዲህ ከ91 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቫይረሱ ተይዘዋል፤ 44 ሚሊዮን ያህሉ ሞተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ መርሐ ግብር፣ ዩኤንኤድስ፣ እንደሚለው በ2024 መጨረሻ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች 40.8 ሚሊዮን ነበሩ። በዚያ ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ተያዙ፣ 630,000 ሞቱ። በየደቂቃው ከአንድ ሰው በላይ ማለት ነው፤ «ድሮ ቀረ» በተባለው በሽታ።

ከተያዙት ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ነው። ከ2010 ወዲህ አዲስ መያዝ ከግማሽ በላይ የቀነሰውም እዚያው ነው። በሌላ በኩል በምሥራቅ አውሮፓና በመካከለኛው እስያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ፣ በላቲን አሜሪካም ቁጥሩ እየጨመረ ነው። ብዙ ሕሙማን ያሉበት ምድር ሲያሽቆለቁል፣ ጥቂት ያሉበት ለምን ይጨምራል? ሩሲያን እና ፖርቱጋልን ብናነጻጽር መልሱ በከፊል ይታያል። ፖርቱጋል በ2001 አደንዛዥ ዕፅ ለራስ መጠቀምን ከወንጀልነት አውጥታ ንጹሕ መርፌና ሜታዶን የተባለውን ምትክ መድኃኒት አቀረበች፤ በመርፌ የሚተላለፈው ኤችአይቪ እጅግ ቀነሰ። ሩሲያ ሜታዶንን በሕግ ከልክላለች፤ ወረርሽኙ ለረጅም ዓመታት በመርፌ ተስፋፋ፣ ከዚያም ወደ ትዳር ጓደኞች ተሻገረ። ፊጂም ትንሽ የደሴቶች አገር ሆና ሳለ በጃንዋሪ 2025 የኤችአይቪ ወረርሽኝ ለማወጅ ተገድዳለች፤ እዚያም መርፌ መጋራት አንዱ ምክንያት ነው። የሚደበቅ ሰው አይመረመርም። ሕግ ሰውን ሲያስደብቅ ቫይረሱን አብሮ ያስደብቃል።

ሌላው የሚያሳስበው የወጣት ሴቶች ነገር ነው። በ2024 ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆኑ 570 ያህል ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች በየቀኑ ተይዘዋል። የሴት አካል በተፈጥሮው ለመያዝ የበለጠ የተጋለጠ ነው፤ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዕድሜ ከሚበልጣት፣ ገንዘብ ካለው ወንድ ጋር ያለች ልጅ ኮንዶም ተጠቀም የማለት አቅም የላትም። የተደፈረችማ ጭራሽ ማንም አልጠየቃትም። ለዓመታት «ታቀቡ፣ ታመኑ፣ ተጠቀሙ» ሲባል የኖረው ትምህርት ጥሩ ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ውሳኔው በእጇ ላልሆነ ልጅ የሚነግራት ነገር የለም።

የማይታይ፣ የማይተላለፍ

ብዙ ሰው ያልሰማው አንድ እውነት አለ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ፣ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። «ዕድሉ ይቀንሳል» ማለቴ አይደለም። አንዱ ብቻ ቫይረሱ ያለበት ጥንዶች ላይ አውሮፓ ውስጥ ለዓመታት በተደረጉ ጥናቶች፣ ያለ ኮንዶም ከተፈጸሙ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ግንኙነቶች መካከል መድኃኒት ከሚወስደው ሰው ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። እናቶችም እንዲሁ። ያለ ሕክምና ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚደርሰው ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድል በሕክምና ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ኩባ በ2015 ይህን መተላለፍ ማጥፋቷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ዛሬም መድኃኒቱን ከተቀበለ በኋላ የብልቃጡን ወረቀት ልጦ የሚጥል ሰው አለ። ክኒኖቹ ቦርሳ ውስጥ እንዳይንኳኩ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ የምትጨምር ሴት አለች። ሰፈሩ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ሌላ ቦታ ለመታከም በየወሩ ረጅም መንገድ የሚሄድ አለ። የመንገዱ ገንዘብ ያጠረ ወር መድኃኒቱ ይቀራል። መገለል የስሜት ጉዳት ብቻ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ በተግባር ግን የመድኃኒት መቋረጥ ነው። 9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዛሬም ሕክምና ላይ አይደሉም። ካልጀመሩት መካከል ብዙዎቹ ውጤታቸውን ማወቅ የፈሩ፣ ከጀመሩ በኋላ ካቋረጡትም ብዙዎቹ መታየት የፈሩ ናቸው።

2025 እና ከዚያ ወዲያ

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታን በአንድ ትእዛዝ አገደ። ፔፕፋር በወቅቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ሕክምና ይደግፍ ነበር፤ መንግሥታት ለኤችአይቪ ከሚሰጡት ዓለም አቀፍ ዕርዳታ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆነው ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። ከቀናት በኋላ ሕይወት አድን ለሆነ ሕክምና ልዩ ፈቃድ ተሰጠ፤ ነገር ግን ፈቃዱ ወረቀት ላይ እያለ ክሊኒኮች ተዘግተዋል፣ ሠራተኞች ተሰናብተዋል፣ የመከላከል ሥራው ከሞላ ጎደል ቆሟል። ሌሎች ሀብታም አገሮችም ዕርዳታቸውን እየቀነሱ ነው። ዩኤንኤድስ የአሜሪካ ድጋፍ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ የሚተካው ከጠፋ እስከ 2029 ባለው ጊዜ 6 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች እንደሚያዙ፣ 4 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎች እንደሚሞቱ አስልቷል።

ጥፋቱን ሁሉ ለጋሹ ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይሆንም። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ቃሉን የጠበቁት እጅግ ጥቂት ናቸው። ደቡብ አፍሪካ የኤችአይቪ ወጪዋን አብዛኛውን ራሷ ትሸፍናለች፤ ስለዚህም ድንጋጤው ደርሶባታል እንጂ አልተንኮታኮተችም። የዜጎቹ የዕለት መድኃኒት በሌላ አገር ምርጫ ውጤት ላይ እንዲንጠለጠል የፈቀደ መንግሥት የራሱ ድርሻ አለበት።

በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ ጊዜው ነው። በዚሁ ሰዓት ሌናካፓቪር የሚባል መድኃኒት መጥቷል። ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ በስድስት ወር አንዴ የሚወጋው መርፌ ነው። በደቡብ አፍሪካና በዑጋንዳ በተደረገው ሙከራ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል በቫይረሱ የተያዘች አንድም አልነበረችም። ይህን ውጤት በ2024 ሳነብ ቁጥሩን በትክክል አይቼው እንደሆነ ተመልሼ አረጋግጫለሁ፤ በኤችአይቪ ምርምር ውስጥ ዜሮ የተለመደ ቁጥር አይደለም። ኮንዶም ለመጠየቅ አቅም ለሌላት፣ ብልቃጥ መደበቅ ለሚያስጨንቃት ልጅ ይህ መርፌ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማንም ሳያውቅባት።

መርፌው በጁን 2025 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ዋጋው በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ነው። አምራቹ ጊልያድ ለ120 አገሮች ርካሹ እንዲመረት ፈቅዷል፤ ከ2027 ጀምሮም በዓመት 40 ዶላር አካባቢ ይገኛል ተብሏል። ከ1996ቱ ታሪክ ጋር ሲተያይ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ብራዚል፣ አርጀንቲና፣ ሜክሲኮና ፔሩ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። የአገራቱ ዜጎች ግን መድኃኒቱ ሲሞከር ሰውነታቸውን ሰጥተዋል። ለተፈቀደላቸው አገሮችም ቢሆን መርፌው ራሱ አይራመድም። የሚያጓጉዘው፣ የሚመረምረው፣ የሚወጋው ሰው ያስፈልገዋል፤ አሁን እየተሰናበተ ያለው ይኸው ሰው ነው።

ብዙ አገሮች ሕክምናውን ለለመደ ሰው የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጣሉ። አንድ ብልቃጥ፣ 90 ክኒን። የሚቀጥለው ቀጠሮ በመዝገብ ይጻፋል። በቀጠሮው ቀን ያልመጣ ካለ ስልክ የሚደውልለት፣ ካላነሣም ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሠራተኛ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ቫይረሱ በደሙ ያለ፣ ያንን መንገድ አስቀድሞ የሄደበት ሰው። በ2025 መጀመሪያ ከሥራ ከወጡት መካከል እነዚህ ደዋዮች አሉበት። መዝገቡ ዛሬም ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስልክ ቁጥሮቹም ተጽፈዋል። ብልቃጡ ውስጥ ክኒኖቹ በየቀኑ አንድ አንድ እያሉ ይቀንሳሉ።